ጥቀርሻ ያልኩት ቀለም

ኮምፒውተሬ ውስጥ የማልሰርዘው አንድ ፎቶ አለ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሳ ነው። በዓይን የማይታዩ ድቡልቡል ነገሮች እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለዋል፤ በመካከላቸው ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ውስጥ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ይታያል። በሙያዬ ሰዎች ዘንድ የሚያስመሰግን ፎቶ ነው። ጉባኤ ላይ ሳሳየው የማላውቃቸው ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነስተው ጨብጠውኛል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል። አፍርበታለሁ። ያፈርኩበትን ምክንያት ለማንም በወጉ ተናግሬው ስለማላውቅ እዚህ ልጻፈው።

የዋግ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ሰቆጣ ነው፤ የእናቴ ወገኖች ግን ከአምደወርቅ ወዲያ በእግር በሚገባበት ቀበሌ ይኖራሉ። ኬሚስትሪ ተማርኩ፣ ጥቂት ዓመት አስተማርኩ፣ ከዚያ ለሦስተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ገባሁ። የማጠናው የካርቦን ናኖ ቁሶችን ነው፤ አወቃቀራቸው ምን እንደሚመስልና ኤሌክትሪክ ሲላክባቸው ምን ጠባይ እንደሚያሳዩ። ነገሩ ሲያወሩት ይከብዳል እንጂ ሲሠሩት ያን ያህል አይደለም። ካርቦን ያለበት ነገር አየር በማይገባበት ምድጃ ይከስላል፣ ይፈጫል፣ በስስ ብረት ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ በተበጠበጠ ኬሚካል ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ይላክበታል። ቀዳዳው የበዛ ካርቦን ብዙ ኤሌክትሪክ ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎም ይለቃል። እናቴ ይህን ሁሉ አዳምጣ ስታበቃ፣ ለከሰል ለከሰልማ አምደወርቅ ገበያ ሞልቶ የለም ወይ፣ ይህን ያህል ዓመት ምን አስቀመጠሽ ብላኛለች። እውነቷን ነው፣ ከሰል አክሳይ ነኝ። ልዩነቱ ስጨርስ ካባ የሚደረብልኝ መሆኑ ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ በዘርፋችን የሚወደድ አንድ አባባል ነበር፤ ቆሻሻን ወደ ሀብት መለወጥ። አንዱ የቡና ገለባ ያከስላል፣ ሌላው የሙዝ ልጣጭ። ሰው የጣለውን አንስቶ ውድ ነገር ያደረገ ይጨበጨብለታል። እኔም በአገሬ የሚጣል ነገር ምን አለ ብዬ ሳስብ ጥቀርሻ ትዝ አለኝ። መብራት ጠፍቶ በከረመባቸው ወራት በዋግ ኩራዝ ያላጠቆረው ግድግዳ አልነበረም። ጥቀርሻ ደግሞ ራሱ ሲታይ ከጥቃቅን ካርቦን ሌላ ምንም አይደለም። አማካሪዬ ሐሳቡን ወደዱት። ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ለትንሣኤ ወደ አገሬ ወጣሁ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም የብራና ጸሐፊ ናቸው። ብራና ይፍቃሉ፣ ቀለም ይደቁሳሉ፣ ይጽፋሉ፣ የመንደሩን ልጆችም ያስነብባሉ። አገሩ በሙሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኛ የእህታቸው ልጆችም በሌላ ስም ጠርተናቸው አናውቅም። ቤታቸው እስከ አምደወርቅ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ስደርስ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ሰላም አልኳቸው። አዲስ አበባ ስከርም ኽምጣኛዬ ዝጓል፤ አማርኛዬ ደግሞ እዚያ ሄጄ አፌን ስከፍት ከየት ነሽ የሚያሰኝ ነው። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት እኔ ነኝ። እንደምንም ወሬውን ገፋሁና ወደ ጉዳዬ ስገባ፣ ጥቀርሻ በኽምጣኛ ምን እንደሚባል ጭራሽ ጠፋኝ። አፍሬ በአማርኛ ልጠይቃቸው አልፈለግኩም። ኩራዙ ወደተሰቀለበት የጠቆረ ማዕዘን እጄን ዘርግቼ፣ የማውቃትን ቃል ተጠቀምኩ። ጥቁሩን ይስጡኝ፣ ለሥራዬ ነው አልኳቸው።

ከኩራዙ በታች አንዲት የቆዳ ከረጢት መሰቀሏን ልብ አላልኩም። ለብራና ጸሐፊ ደግሞ ጥቁር ማለት አንድ ነገር ነው። ጥቁር አለ፣ ቀይ አለ። በቀዩ የቅዱሳን ስም ይጻፋል፣ በጥቁሩ የቀረው ሁሉ። እኔ ግድግዳውን ለመንኩ፤ እሳቸው ቀለማቸውን የለመንኳቸው መሰላቸው።

የኔታ ወደ ማዕዘኑ ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ምን ያህል እንደሚበቃኝ ጠየቁኝ። ያለውን በሙሉ፣ የምሠራው ብዙ ነው አልኳቸው። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው አይተዋቸው ነበር፤ አስተያየታቸው አሁን ነው የገባኝ። የኔታ ከረጢቷን አወረዱና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ጻፊበት» አሉኝ።

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል። እኔ ያን ዕለት አውቄ ተኛሁ። በከረጢቷ ውስጥ የነበረው ብናኝ ሳይሆን ጥፍጥፍ ነበር። ሲነኩት አይረግፍም፣ እርጥብ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታም አለው። ኬሚስት ነኝ እኮ። ጥቀርሻ እንዲሁ ጥፍጥፍ እንደማይሆን፣ ሙጫ ካልገባበት እንደማይጣበቅ የማውቅ ሰው ነኝ። ርጥበት አግኝቶት ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኳት፣ እሷም እሺ አለችኝ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ጥቀርሻ፣ ከገጠር ቤት ግድግዳ የተፋቀ» ብዬ ጻፍኩ። ያስጸደቅኩት ዕቅድ ጥቀርሻ ስለሚል ጥቀርሻ መሆን ነበረበት። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፣ እሱ ይብሳል። ቤተ ሙከራው ውስጥ አገሬን ሲሰሙ፣ እዚያ ደብተራና አስማት ይበዛል አይደል እያሉ የሚቀልዱብኝ ነበሩ። ካርቦኔ ከአንድ ደብተራ ከረጢት ወጣ ብሎ የሚናገር አፍ አልነበረኝም። ሥጋ ዘመዴን ደብተራ ነው ላለማለት ግድግዳ አደረግኳቸው።

አዲስ አበባ ተመልሼ አከሰልኩት። ኤሌክትሪኩ ሲገባና ሲወጣ ኮምፒውተሩ መስመር ይስላል፤ ጥሩ ካርቦን የሣጥን ቅርጽ ይሰጣል፣ መጥፎው እንደ ምላጭ ቀጥኖ ይቀራል። የእኔ ሣጥን ሆነ፣ ያውም ማዕዘኑ የተስተካከለ። አማካሪዬ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ድገሚው አሉ። ደገምኩት፣ ያው ሆነ። ደጋግመን ኤሌክትሪክ ብናስገባና ብናስወጣበትም አልደከመም። በማይክሮስኮፕ አየነው፤ ያን ጊዜ ነው ያ ፎቶ የተነሳው። በዓመቱ ጽሑፉ ውጭ አገር በሚታተም መጽሔት ላይ ወጣ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ከገጠር ቤት የጥቀርሻ ቆሻሻ የተሠራ ባለ ቀዳዳ ካርቦን፣ አወቃቀሩና ኤሌክትሪካዊ ጠባዩ የሚል ነው። ቆሻሻ የምትለዋን ቃል ያስገባኋት ራሴ ነኝ። አማካሪዬ ያለ እሷም ይሆናል ብለውኝ ነበር፤ ያለ እሷ አይስብም ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ።

ጭንቁ የመጣው ከረጢቷ ባዶ ስትሆን ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን የሚገመግሙት ሰዎች፣ ከዚያው ምንጭ ሌላ ናሙና ተሠርቶ ያው ውጤት ይታይ አሉ። የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፣ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። እናቴ ከጎረቤቶቿ ግድግዳ ጥቀርሻ ፍቃ በጣሳ በአውቶቡስ ላከችልኝ። አከሰልኩት፤ ምላጭ። አዲስ አበባ ካለ ምግብ ቤት የጭስ መውጫ ፋቅኩ፤ ምላጭ። ራሴ ኩራዝ ገዝቼ ሳህን ደፍቼበት ሰበሰብኩ፤ እሱም ምላጭ። ያን ሁሉ ዓመት የደከምኩበት ዲግሪ በአንዲት ባዶ ከረጢት ላይ ተንጠለጠለ።

በመጨረሻ ከከረጢቷ ስፌት ውስጥ የቀረውን ፍርፋሪ አራግፌ ሳላከስለው መረመርኩት። በመጀመሪያ ቀን ማድረግ የነበረብኝ እሱን ነበር። ሙጫ አለበት፤ የግራር ሙጫ ይመስላል። እስኪጠቁር ያረረ እህል አለበት፤ ከእህሉ ጋር ፖታሲየም ገብቷል። ፖታሲየም በእሳት ውስጥ ካርቦኑን እየበላ ቀዳዳ ይከፍታል። በዚያ ፎቶ ላይ የወይን ዘለላውን የቦረቦረው እሱ ነው። ሁሉም ነገር እርስ በርሱ የተዋሃደው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ተደቁሶ ስለነበር ነው። ቀለም ነበር። ይህን ስረዳ አልደነገጥኩም። የሚደነግጥ የማያውቅ ሰው ነው።

ያኔ እንኳ እውነቱን ልናገር አላሰብኩም። ያሰብኩት ሄጄ ሌላ ከረጢት ማምጣትን ነው። ለአማካሪዬ ናሙና ላመጣ ነው አልኳቸው፤ ቃሉ ውሸት አይደለም፣ እኔ ግን እየዋሸሁ ነበር። የታተመውን ጽሑፍ በወረቀት አወጣሁና ያዝኩ። የኔታ ደስ ይላቸዋል ብዬ ሳይሆን ለልመናዬ መግቢያ ይሆነኛል ብዬ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ወልድያ አድሬ ሰቆጣ ስገባ ስንቄ አልቆ ነበር፤ ሌላው ግን ምንም አልቀለለልኝም።

ስደርስ የኔታ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ባለቤታቸው እግርሽን ካላጠብኩ ብለው ተሟገቱኝና ውሃ አቀረቡልኝ። ወሬ ለማስጀመር፣ የኔታ አሁን ምን እየጻፉ ነው ብዬ ጠየቅኩ። ሴትየዋ ተነሱና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አመጡ። ያልተጠረዘ ዳዊት ነበር። መጻሕፍቷ ለጠፉባት ለአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን የተጀመረ ነው። ቅጠል በቅጠል ገለጡልኝ፤ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይሄድና አንድ ገጽ መሀል ላይ ይቆማል። ከዚያ በታች ብራናው ነጭ ነው።

«አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ብዕር አልጨበጡም» አሉኝ።

የዚያ ከረጢት ቀለም ሦስት ዓመት የተደከመበት እንደነበር ያን ጊዜ ነገሩኝ። ጥቀርሻው በላባ ይጠረጋል፣ እህሉ ያርራል፣ ሙጫው ይገባል፣ ከዚያ በየቀኑ ይደቆሳል፣ ይታጠባል፣ ይቦካል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይደቆሳል። ዳዊቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያው እንዲያልቅ ተብሎ የተሠራ ነበር። አዲስ ቢሠሩም ጥቁረቱ ይለያል፤ የኔታ ደግሞ አንድ ዳዊት ሁለት ዓይነት ጥቁር እንዲኖረው አይፈቅዱም። ታዲያ ለምን ዝም ብለው ሰጡኝ ስላቸው፣ ሴትየዋ ራሳቸውም ይህንኑ ጠይቀዋቸው እንደነበር ነገሩኝ። የኔታ የመለሱላቸው፣ ጥቁሩን ብላ የለመነችኝ የምትጽፈው ቢኖራት ነው፣ የእኔ ዳዊት ይቆያል የሚል ነበር። ያጠብኩት እግሬ ሳይደርቅ ተነስቼ በሩን ባልፍ ወደድኩ።

የኔታ ተመልሰው ሲገቡ ፀሐይ ገና ደጃፉ ላይ ነበረች። ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ መረቁኝ። ከመቀመጣቸው፣ ጻፍሽበት ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ወረቀቱን ተቀብለው ፊደሉ ላይ አውራ ጣታቸውን አሹበት፣ አሸተቱት፣ ይህስ የኔ ጥቁር አይደለም አሉ። በማተሚያ መኪና የተገለበጠ ነው አልኳቸው። መገልበጥን የሚያውቁ ሰው ናቸውና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መለሱልኝና አንብቢልኝ አሉ። እሳቸው ዘንድ የሚነበብ ነገር በጣት እየተመራ ነው፤ እኔም ጣቴን መስመሩ ላይ አኖርኩ።

ርዕሱን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩ፤ ቆሻሻ የምትለዋን ዘለልኳት። ትንሽ እንደሄድኩ፣ ጥቁሩ ከየት እንደተገኘ ይላል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጣቴ ያን ጊዜ ያረፈው፣ ከገጠር ቤት ግድግዳ የተፋቀ ጥቀርሻ በሚለው ላይ ነበር። ይላል አልኳቸው። ቀና ብዬ፣ ይህ ቀለም በዋግ ምድር የሚኖሩ አንድ የብራና ጸሐፊ ሦስት ዓመት የደከሙበት ነው፣ ለዚህ ሥራ የተገኘውም በእሳቸው ቸርነት ነው አልኩ። ቃሉ ሲያምርብኝ ጊዜ ጨመር አደረግኩበት፤ በብዙ ምስጋና እንጠቅሳቸዋለን አልኩ። ባለቤታቸው ከወዲያ ሆነው እሰይ አሉ። የኔታ ግን ወረቀቱን እንጂ እኔን አያዩም ነበር።

«ጣትሽ ቆመ፣ አፍሽ ሄደ» አሉኝ በአማርኛ።

ስንት ልጅ በቃሉ የያዘውን የሚያነብ አስመስሎ አታልሏቸው እንደሚያውቅ የዚያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የእንግሊዝኛ ፊደል አይለዩም፤ ጣት ግን ያውቃሉ። እንባዬ መጣ፣ እሱም አሳፈረኝ፤ ያለቀሰ ሰው ይታዘንለታል፣ እኔ ግን የሚታዘንልኝ አልነበርኩም። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ግድግዳውን ለምኜ እንደነበር፣ ከረጢቷን ስከፍት ቀለም መሆኑን ልቤ እንዳወቀው፣ ጽፌበት ሳይሆን እሳት ውስጥ ከትቼው እንደነበር፣ ስለ እሳቸው አንድም ፊደል እንዳልጻፍኩ። በመጨረሻ ርዕሱን ሳልዘልል መለስኩላቸው።

«ቆሻሻ ነው የሚለው?» አሉ።

«አዎ፣ የኔታ።»

ባለቤታቸው ዳዊቱን አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ። የኔታ አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ኖሮ በቀለለልኝ። ቀጥለውም፣ ያመጣሽ ይህ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ደብተርሽን አውጪ አሉኝ። የቀለሙን አሠራር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተናገሩ አጻፉኝ። እህሉ ምን ያህል እንደሚያርር፣ ሙጫው መቼ እንደሚገባ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ የቦካው በምን እንደሚታወቅ። ስሳሳት ያስቆሙኛል፣ መልሰው ያስጽፉኛል። ልለምናቸው የመጣሁትን ሳልለምን ሰጡኝ፤ ከዚያ በላይ ምን ሊያደርጉኝ ይችሉ ነበር?

ስንጨርስ፣ ጽሑፉን አስተካክላለሁ፣ ስምዎንም አስገባለሁ፣ የክርስትና ስምዎን ልጻፍ ወይስ ሌላውን ብዬ ጠየቅኳቸው። ወረቀቱን አንስተው አቧራውን በክንዳቸው ጠረጉና ሰጡኝ።

«ስሜ ይቅር» አሉኝ። «ቆሻሻ ያልሽውን ብቻ አውጪልኝ።»

አዲስ አበባ ስገባ በቀጥታ አማካሪዬ ቢሮ ሄድኩና ተናገርኩ። ከዚያ ለመጽሔቱ የሚላከውን ደብዳቤ አብረን ጻፍን። ምርቃቴ ተላለፈ፤ ይገባኛል። አሁን በየጠዋቱ ቤተ ሙከራው ጥግ ተቀምጬ በየኔታ አሠራር ቀለም እደቁሳለሁ፣ ገና አልደረሰም። ዳዊቱ እንደቆመ ነው።

የመጽሔቱ መልስ ከጥቂት ወራት በኋላ መጣ። የናሙናው ምንጭ ጥቀርሻ ሳይሆን የብራና ቀለም መሆኑን፣ ምንጩ ያለ ስም አይጠቀስም ብለው ያስጻፉንን የሠሪውንም ስም፣ በማስተካከያ መልክ ከጽሑፉ ግርጌ አወጡልን። ርዕሱ ግን ሌሎች ሰዎች በሥራቸው የጠቀሱት፣ በየማውጫው የገባ ስለሆነ አይለወጥም አሉ። ሁለት ጊዜ ደግሜ ጻፍኩላቸው፤ መልሳቸው ያው ነው። ይቅር ያሉኝ ስማቸው ገብቷል፤ ትውጣልኝ ያሉኝ ቃል ርዕሱ ላይ አለች። ወረቀቱን ይዤ ወደ አገሬ እወጣለሁ እያልኩ ሁለት ፋሲካ አሳለፍኩ። ብሄድ አንብቢልኝ ማለታቸው አይቀርም፣ ያን ጊዜ ጣቴ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።